ሦስት ደቂቃ ያለፈ ደም

ስምንት የጨርቅ ከረጢት ተደርድሮ ስታይ ይመኙሻል ነገሩ ወዲያው ገባት። ሥራውን የሚያስተባብረው ወጣቱ ዙበይር ጊዜ ላትርፍ ብሎ ስምንቱንም ወጥመድ ባንዴ ጥሏቸዋል። በየከረጢቱ ውስጥ፣ እንቁላል ታቅፋ ሳለች የተያዘች ሲጋል የሚሏት ነጭ የባሕር ወፍ ትንፈራገጣለች።

«ይበርቱ እትዬ ይመኙሻል! እነዚህን ከቀዱ አርባ ሞላ፤ ፊኒሽ!»

ደሴቲቱ ከቶሮንቶ ፊት ለፊት፣ ሐይቁ ላይ ናት። አንዲት ፕሮፌሰር የሰጠቻቸው ሥራ የጤነኛ ወፍ ደም ምን እንደሚመስል ልኩን ማወቅ ነበር፤ ነገ በሽታ ቢገባ ማመሳከሪያ እንዲሆን። ለዚህ ደግሞ ወጥመዱ በወደቀ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደሙ መቀዳት አለበት። ካለፈ የሚለካው የወፏ ጤና ሳይሆን ድንጋጤዋ ነው፤ የደሟ ስኳር ሳይቀር ይለወጣል።

የመጀመሪያዋን በሁለት ደቂቃ ቀድታ ለቀቀቻት። ሁለተኛዋ ላይ አምስት ደቂቃ አለፈ። የስምንተኛዋን ክንፍ ዘርግታ የደም ሥሩን በመርፌ ስታገኘው ሃያ አንድ ሆኖ ነበር። በየብልቃጡ ላይ ደቂቃውን በማይለቅ ቀለም ጻፈች።

«ደቂቃውን ለምን ይጽፉታል?» አለ ዙበይር።

«ታዲያ የልደት ቀናቸውን ልጻፍ?»

«እትዬ፣ ፕሮፌሰሯ አርባ ነው ያለችኝ። ወፍ የመያዝ ፈቃዱም ዛሬ ያልቃል። ሁሉንም ሦስት ይበሉትና ሰብሚት እናድርገው።»

«ጤነኛ ወፍ ማለት የደነገጠች ወፍ ናት ብለህ ልትጽፍ? የዛሬ አሥር ዓመት አንዱ የታመመች ወፍ ይዞ ይመጣል፣ ካንተ ቁጥር ጋር ያመሳክራል፣ ደህና ናት ብሎ ይለቃታል።»

ሁለቱም ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል የቶሮንቶ ሰፈር አንድ ሕንጻ ውስጥ ነው የሚኖሩት፤ ይህን ሥራ ያገኘላትም እሱ ነው። ቢሾፍቱ ሃያ ሁለት ዓመት የዶሮ ደም ስትቀዳ የኖረች ባለሙያ፣ እዚህ የሙያ ወረቀቷን የሚያይላት ጠፍቶ አራት ዓመት ሰላጣ ስታሽግ ነበር። ዛሬ ሥራው ሲያልቅ እሱ የሚጽፍላት የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው ላብራቶሪ የሚያስገባት። ይሉኝታ የያዘው ሰው እዚህ ላይ አንገቱን ይደፋል።

«ደብዳቤውንስ ምን ብዬ ልጻፈው?» አለ ዓይኑን ወደ ሐይቁ አዙሮ። «ቲም ፕሌየር ናት፣ ከሰው ጋር ተባብራ ትሠራለች ልበል?»

«አትበል።»

«እኔ እኮ ልጅዎ ነኝ፣ እትዬ።»

«ልጄማ ብትሆን ጆሮህን ቆንጥጬህ ነበር።»

ሳይወድ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

«በቃ ፎርሙን ይስጡኝ፤ እኔው እሞላዋለሁ።»

«ደሙን የቀዳው የሚለው ቦታ ላይ ስሜ አለ። መጀመሪያ ሰርዘው። ለምን እንደተሰረዘ ደግሞ ለፕሮፌሰሯ እኔው እነግራታለሁ።»

«በእንግሊዝኛ?» አላት፣ ከንፈሩን ጠምዝዞ።

ይመኙሻል የመርፌውን ክዳን ገጠመች።

«በእንግሊዝኛ። ተንተባትቤም ቢሆን።»

ሰባቱን ብልቃጥ ለብቻ አስቀመጠች፤ «ዘግይቷል» የሚል ወረቀትም ለጠፈችባቸው። በትክክል የተቀዳው ሠላሳ ሦስት ነው። ጀልባው ሊመጣ አንድ ሰዓት ቀርቶታል።

«ተነሳ» አለችው። «አሁን አንድ ባንድ። ጣል ሳልልህ ገመዱን እንዳትነካ።»

ዙበይር አኮረፈ፤ ግን ተነሳ። አንዷን ያዙ። ሁለተኛዋ አመለጠች። ሦስተኛዋ ያልተፈጨ ዓሣ የይመኙሻል ደረት ላይ አስታወከች፤ እሷ ግን ሳትጠርገው ክንፉን ዘርግታ ቀዳች። አንዲት ወፍ ደግሞ ጨመሩ። የጀልባው ጡሩምባ ሲነፋ ሠላሳ ስድስት ደርሰው ነበር።

ስለ ደብዳቤው ማንም አላነሳም። ጀልባው ሲንቀሳቀስ ሠላሳ ስድስት ብላ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ነፋስ እንዳይወስድባት ፎርሙን ጉልበቷ ላይ በሁለት እጇ ተጫነችው።

«ፕሮፌሰሯ ትቆጣለች» አለ ዙበይር።

«ትቆጣ» አለች ይመኙሻል።