ሲላላና ሲጠብቅ

እርሳሱ ተሰበረ። አንድ መስመር ለመሰረዝ ይህን ያህል መጫን አያስፈልግም ነበር፤ እሷ ግን ወፍራም ጨርቅ እንደሚቆርጥ ሰው ጥርሷን ነክሳ ነው የጎተተችው። ወረቀቱ ሊቀደድ ትንሽ ቀርቶት ተረፈ። ከስረዛው ስር ሦስቱ ቃላት አሁንም ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

«እናቴ ትመታ ነበር።»

የስፌት መኪናው ላይ አንድ እጅጌው ያልተገጠመ የተማሪ ሸሚዝ ተጋድሟል። ሥራዋ ዩኒፎርም መስፋት ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ አልብሳ ትምህርት ቤት ስትልክ ኖራ፣ ራሷ የትምህርት ቤት ደጅ የረገጠችው ፀጉሯ ከሸበተ በኋላ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ሲሆን፣ አሁንም የምታነበው ጣቷን ከፊደሉ ስር እያስኬደችና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው።

አንዲት ልጇ ግን ጸሐፊ ወጥታለች። ባለፈው እሁድ አረንጓዴ አቃፊ ይዛ መጥታ መኪናው ላይ አስቀመጠችና፣ የመጀመሪያ መጽሐፏ መሆኑን ነገረቻት። የልጅነት ትዝታ ነው፤ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ክረምት ዕረፍት።

«ከማንም በፊት አንቺ አንብቢው፣ እማ» አለቻት። «ያልወደድሽው ነገር ካለ በእርሳስ ሰርዢው። የሰረዝሽው አይታተምም። ቅዳሜ በአስር ሰዓት መጥቼ እወስደዋለሁ፤ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል።»

ሳምንቱን ሙሉ እርሳሱን ጆሮዋ ላይ ሰክታ፣ እንደ ትልቅ ሹም ስትኩራራ ሰነበተች። የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ገጾች ደስታ ነበሩ። የትምህርት ቤቱ ደወል፣ ጆሮ የሚቆነጥጡት የሒሳብ አስተማሪ፣ በዝናብ ተነክሮ አፉን የከፈተ ጫማ። «እናቴ ዩኒፎርሜን ሁልጊዜ ሁለት ቁጥር አስበልጣ ትሰፋልኝ ነበር፤ ልክ ሲሆነኝ ያልቃል» የሚለው ላይ ደርሳ ብቻዋን ሳቀች። እውነት ነው።

ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ግን እንዲህ ይል ነበር፦ «ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጓደኞቼ ይቦርቃሉ፤ እኔ አለቅሳለሁ። ክረምት ማለት አክስቴ ቤት ማለት ነው። እስክሄድ ባሉት ቀናት እናቴ ትመታ ነበር። አልጋ ስር እገባለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ጣቷ አልሄድ አላት።

መትታታለች፣ አልካደችም። አንድ ቀን፣ ልጅቷ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ የደንበኛ ጨርቅ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ከዳር እስከ ዳር ፊደል ሞልታ አገኘቻትና በእንጨት ማስመሪያው መዳፏን መታቻት። የተጻፈው ምን እንደነበር እስከዛሬ አታውቅም። ያን ጊዜ ማንበብ አትችልም ነበር፤ አጥባ አጠፋችው። ግን አንድ ቀን ነው። ልጅቷ «መታችኝ» ብላ ብትጽፍ እውነት ነው፤ «ትመታ ነበር» ግን የልማድ ቃል ነው። «ነበር» የምትባለው ቃል የሚደጋገም ነገር ላይ እንደምትገባ ራሷ መምህሯ ናት ያስተማረቻት። ስንቱን ፊደል ለምና፣ ስንቱን ለቅማ ማንበብ የቻለችው ይህን ለማንበብ ነው?

ጠዋት ለታናሽ እህቷ ደውላ ነበር፤ ልጅቷ በልጅነቷ በየክረምቱ ወደ ቤቷ ትላክ የነበረባት አክስት ናት። እህቷ ሰምታ ስታበቃ፣ «ስለሱስ ጽፋለች?» ብላ ጠየቀች። እሱ ማለት የልጅቷ አባት ነው፤ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። እስካነበበችው ድረስ ስለሱ የተጻፈው ዝምተኛ መሆኑና መነጽሩ ብቻ እንደሆነ ስትነግራት እህቷ ትንፋሿን ለቀቀች። «ይሁን፣ ሙት ወቃሽ ከመሆን ተርፋለች። አንቺን ያለችውን ግን ሰርዢው፤ ምን ታስቢያለሽ?» አለቻት። እህቷ ለምን ስለሱ እንደጠየቀች ታውቃለች። እሱ እጁን የሚያነሳው ቤቱ ተዘግቶ መሆኑን የሚያውቁት ሁለቱ እህትማማቾች ብቻ ነበሩ። ሥራው ትምህርት ቤት ስለነበር፣ ትምህርት ሲዘጋ እሱም ዕረፍት ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ይውላል። ልጅቷ ወደ አክስቷ ትላክ የነበረውም ለዚያ ነው፤ እንዳታይ።

ስለዚህ ሰረዘችው። ገጹን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ክፍል ሄደች።

የቅዳሜ ትምህርት የሚሰጠው አንድ የሕፃናት ክፍል ውስጥ ነው። ወንበሮቹ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ትልልቅ ሰዎች ጉልበታቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ክፍል ውስጥ እሷን የሚጠሯት «እትዬ መርፌ» እያሉ ነው፤ ስሙን ያወጣላት ጡረታ የወጣው ዘበኛ ነው፤ መርፌ ያሰኛት ሙያዋ እንጂ ቅጥነቷ አይደለም።

መምህሯ የልጇ እኩያ ናት። ሰሌዳው ላይ «ሰፊ» ብላ ጻፈች። የአማርኛ ፊደል አንዱ ተንኮል ይሄ ነው አለች፤ ፊደሉ ሳይለወጥ ሲላላ ሌላ፣ ሲጠብቅ ሌላ። ለምሳሌ ይህን ቃል አላልቶና አጥብቆ የሚያነብ ማን ነው?

ዘበኛው እጁን አወጣ። «ፊን ስናላላት የእትዬ መርፌ ሥራ ነው» አለ። «ስናጠብቃት ደግሞ ወገቧ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እሷም በሌላ ቀን ቢሆን፣ «አንተ ጠባብ» ትለው ነበር። ዛሬ እጇ ቦርሳው ላይ እንዳለ ቀረ። ማላላትና ማጥበቅ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ክር ከላላ ስፌቱ ይተረተራል፣ ከጠበቀ ጨርቁን ይሸበሽበዋል። ፊደልም እንደ ክር መሆኑን ግን ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር።

«የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አለች።

መምህሯ በአንዳንድ የቆየ መጽሐፍ ከሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ሁለት ነጥብ ይደረግ እንደነበር ነገረቻቸው። ዛሬ ግን ማንም አያደርገውም፤ ቃል በጎረቤቱ ይታወቃል አለች፤ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ማየት ነው።

ሰው ሁሉ ሲወጣ ቀረች። ገጹን አወጣችና ከተሰረዘው መስመር በስተቀር ሌላውን በቁራጭ ጨርቅ ሸፈነችው።

«ይችን አንብቢልኝ፣ የኔ ልጅ። የሰው ናት።»

መምህሯ ጎንበስ አለችና አነበበችው። ፊደሎቹ ያው ነበሩ፤ ድምፁ ግን ሌላ ነበር። «መ»ን ረገጥ አደረገቻት፣ «ታ»ንም ደገመቻት።

«ለምን አጠበቅሽው?» አለች እሷ። «አላልተሽ አንብቢው። መቺ ናት እኮ።»

«አይመስለኝም፣ እትዬ። ቢሆን ኖሮ ‹ትመታኝ› ነበር የሚለው። እዚህ ላይ እናትየዋ የምትመታ ሳትሆን ሌላ ሰው የሚመታት ናት።» መምህሯ ጨርቁን በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገች። «የሚቀጥለውን አንብበዋል?»

አላነበበችም። አሁን አነበበች፣ ጣቷን እያስኬደች፣ ለእያንዳንዷ ፊደል አንድ እስትንፋስ እየከፈለች። «ድምፅ አታሰማም ነበር። የስፌት ቁራጭ ጨርቅ ትነክሳለች፤ እኔ እንዳልሰማ።»

መምህሯ ዓይኗን ከእሷ ላይ አንስታ ሰሌዳውን ማጥፋት ጀመረች፤ የጠፋውን እየደጋገመች አጠፋችው። የማን ጽሑፍ እንደሆነ አልጠየቀችም።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ዛሬ ረዘመባት። ጠዋት ልጄ አሳበደችኝ፣ ስሜን አጠፋችው ብላ ነበር የተነሳችው። አሁን ስሟ ነጽቷል፤ እሷ ግን ወደ ጠዋቱ ብትመለስ መረጠች። መቺ ተብሎ መታማት ከዚህ ሳይሻል አይቀርም። ሠላሳ ዓመት አንድ ነገር አጥብቃ ሰፍታ ነበር፤ ማንም እንዳያየው፣ በተለይ ልጇ እንዳታየው። የቀብሩ ዕለት ሰው ሁሉ «ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም ነበር» ሲል ራሷን ነቀነቀች። እውነት ነው፣ ከአፉ አይወጣም ነበር። አሁን ወንድሞቹ ያነባሉ። ዩኒፎርም የሚያሰፉ እናቶች ለልክ ሲመጡ ሜትሩን ሳይሆን ክንዷን ያያሉ። ያ ሁሉ ክረምት፣ ያ ሁሉ ስንቅና ሻንጣ፣ ለካ ባዶ ቤት ላይ የተቆለፈ ቁልፍ ኖሯል።

ገጹን ወደ አቃፊው እንደመለሰች፣ ልጅቷ በአስር ሰዓት ሳይሆን በዘጠኝ ተኩል መጣች። ገጾቹን ቆማ ገለበጠች። ሠላሳ አንድ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ ስረዛውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«እሺ» አለች። «ይቀራል።»

«አትቆጪም?»

«ሰርዢው ያልኩሽ እኮ እኔ ነኝ።» ገጹን ወደ ቦታው መለሰችው። ፊቷ ግን ዩኒፎርም እንዳልደረሰለት ልጅ ሆነ።

እናት የስፌት መኪናውን ሽክርክሪት በእጇ ያዘችው፤ የሚዞር ነገር አልነበረም። አላልታ አንብባው እንደነበር ነገረቻት፤ ለክፍሉ የተነገረውን ቀልድም ጨምራ፣ ለመሳቅም እየሞከረች። ልጅቷ አልሳቀችም። የእንጨት ማስመሪያውን ቀን ስታነሳባትም ጨርሶ አላስታወሰችውም።

«ጨርቄ ላይ ምን ጽፈሽ ነበር?»

«እኔ እንጃ፣ እማ። የሰባት ዓመት ልጅ ምን ይጽፋል?»

ይህም ቀረ።

«ወደ አክስትሽ የምልክሽ እንዳታዪ ነበር» አለች እናት በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

«ስትሄጂ እንዲያ የምታለቅሺው አክስትሽን ጠልተሻት ይመስለኝ ነበር።»

«አክስቴንማ እወዳት ነበር።» ልጅቷ ያላለቀውን ሸሚዝ አንስታ ታቅፋ ተቀመጠች። «እኔ ቤት ስኖር ድምፅ እንዳይወጣ ቶሎ ይተውሻል። ስሄድስ? እዚያ ሆኜ የማስበው ይህንኑ ነበር። የዝናቡን ቀን እቆጥር ነበር።»

እናት ይህን አላሰበችውም ነበር፤ አንድም ክረምት አላሰበችውም። ልክ ነበረች ልጅቷ። እሷ ከሄደች በኋላ ጨርቅ መንከስ ያስፈልግ አልነበረም፤ የሚሰማ ሰው ስላልነበረ እሱም አይቸኩልም ነበር። ልጇን ያዳነች መስሏት፣ በየዓመቱ ጠባቂዋን እያሰናበተች ኖራለች። ልጅቷም ጠባቂነቷን ይዛ ሰው ቤት ከርማለች።

ከደጅ የሚሄድ የሚመጣ ይሰማል።

«አክስቴ ምን አለች?» አለች ልጅቷ።

«ሰርዢው አለች። ሙት ወቃሽ አትሁኑ ነው ነገሩ።»

«እና አንቺስ?»

እናት መሳቢያውን ከፍታ ላጲስ ፈለገች፤ ከቁልፎችና ከተሰበሩ መርፌዎች መሃል አንድ ግማሽ አገኘች። ገጹን አወጣችና ስረዛውን ማጥፋት ጀመረች። ከመጠን በላይ ተጭናው ስለነበር ግራጫ ጥላው አልለቅ አለ፤ ወረቀቱም ሳሳ። ከዚያ የተሰበረውን እርሳስ በመቀስ ቀረጸችው። «መ» አናት ላይ ሁለት ነጥብ አደረገች። ጥቂት አስባ «ታ»ም ላይ ደገመች።

ልጅቷ ከትከሻዋ በላይ ሆና አየች። «እማ፣ ማተሚያ ቤት እኮ ነጥብ አያደርግም። አሁን ማንም አይጠቀምበትም።»

«ለኔ ሲሉ ያድርጉ» አለች እናት፣ እርሳሱን ጆሮዋ ላይ እየሰካች። «ላልቶ እንዳይነበብብኝ።»