ዐሥር ተሳፋሪ ለአንድ ወንበር

«አምስት ጓደኛ ጋብዝና ሽልማት ውሰድ» የሚል መልእክት በየቀኑ የሚልኩልኝ የዘመኑ ወጣቶች ነገሩን እነሱ የፈለሰፉት ይመስላቸዋል። ያናድደኛል። እኛ በ1960 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ፣ ስልክ በእጃችን ሳንይዝ ሠርተነዋል፤ ያውም ከነሱ በተሻለ ብልሃት።

የአውቶቡሱ ወኪል አቶ ገብረ ሕይወት ይባሉ ነበር። መኪናው አዲስ ነው፤ ሰው ስላልለመደው ግማሹ ባዶውን ይሄዳል። ስለዚህ በቢሯቸው በር ላይ ወረቀት ለጠፉ፤ እስከ አዲስ አበባ የሚሄድ ዐሥር ተሳፋሪ ላመጣ ሰው አንድ ወንበር በነፃ። ወረቀቱን መጀመሪያ ያየው ፀጋው ነው። እኔ፣ ፀጋውና ክንዱ ስምንተኛ ክፍልን አብረን የጨረስን ጓደኛሞች ነን። ክንዱን አዲስ አበባ ያለ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቀብሎት ነበር። እስከ ጥቅምት 25 ካልቀረበ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ ለመሳፈሪያ የሚሆን ደግሞ ቤታቸው ምንም የለም።

አንድ ሰው ብቻውን ዐሥር ተሳፋሪ ከየት ያመጣል? ሦስት ከሆንን ይቻላል አልን። ማንም ቢያመጣ ሁሉም በክንዱ ስም እንዲጻፍ ተስማማን።

ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ገበያ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ለፈለፍን፤ አንድ ሰው አላገኘንም። ገበሬ አዲስ አበባ ምን ሊያደርግ ይሄዳል? መልሱ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር። የጎጃም ሰው ለሠርግ ወደማይሄድበት አገር ለይግባኝ ይሄዳል። ይህን በማለቴ የሚቆጣ የአገሬ ሰው ካለ ይቆጣ፤ አባቴም ከነሱ አንዱ ነበር። አንዱን ተከራካሪ በመኪና እንዲሄድ ካሳመንን ሌላውን መለመን እንደማያስፈልገን ገባን። ባላጋራዬ ቀድሞኝ ዳኛ ፊት ይደርሳል ብሎ ራሱ ይመጣል፤ ዋሱንና ዘመዱንም ያስከትላል።

ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን ያገኘናቸው እዚያ ነው። ከገበዝ ማርያም የመጡ፣ ከሟች ባላቸው ወንድም ከአያ ሐብቴ ጋር በአንድ የጤፍ ማሳ ሰባት ዓመት የተሟገቱ ሴት ናቸው። ይግባኛቸው አዲስ አበባ ቀጠሮ ተይዞለታል። ፀጋው መኪናው ቶሎ እንደሚያደርስ ሲነግራቸው፣ ከነዘመዶቻቸው ስድስት ሆነው ለመሄድ ተመዘገቡ። አያ ሐብቴ ይህን በሰሙበት ቀን ሦስት ሰው አስከትለው ወኪሉ ዘንድ ቀረቡ። አቶ ገብረ ሕይወት ዐሥሩንም በክንዱ ስም ጻፉና፣ ጥቅምት 12 ጠዋት ዐሥሩ ከተሳፈሩ ዐሥራ አንደኛው ወንበር ያንተ ነው አሉት። የዚያን ዕለት ሦስታችን ላህ ወንዝ ዳር ተቀምጠን ክንዱ ወደፊት ስለሚገርፋቸው ተማሪዎች አወራን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ የሳቅሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ለጉዞው ሁለት ቀን ሲቀር ፀጋው እየሮጠ መጣ። የነፍስ አባታቸው ሁለቱን ባላጋራዎች አስታርቀዋቸዋል። ማሳውን አብረው ሊያርሱ ተስማምተዋል፤ አዲስ አበባ የሚሄድ የለም።

ሌላ ሰው እርቅ ሲሰማ ደስ ይለዋል። እኔ ደሜ ፈላ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ክንዱን ይዤ ተነሣሁ። እንለምናቸዋለን አልኩት እንጂ በሆዴ የያዝኩትን አልነገርኩትም። ዳገቱን ጨርሰን ከቀትር በኋላ ገበዝ ማርያም ስንደርስ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች አንድ ገበታ ቀርበው አገኘናቸው። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስን ወደ ጓሮ ጠራኋቸው። ክንዱ አጠገቤ ቆሟል።

«እሜቴ፣ ከተማ የሚወራውን ሰምተዋል?» አልኳቸው። «አያ ሐብቴ ‹እንደምትሸነፍ ስታውቀው እግሬ ላይ ወደቀች› እያሉ ነው።»

ፊታቸው ተለወጠ። ሰባቱ ዓመት በአንድ ትንፋሽ ሲመለስባቸው አየሁ። ነጠላቸውን አጥብቀው ወደ ቤቱ ዞሩ።

«እሜቴ፣ ውሸቱን ነው» አለ ክንዱ።

ቆሙ።

«አያ ሐብቴ እንደዚያ አላሉም። እናንተ ከተጣላችሁ እኔ በነፃ እሳፈራለሁ። ለኔ ብሎ ነው የዋሸው።»

በቡጢ ልለው ምንም አልቀረኝም። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ተመልሰው ፊቴ ቆሙ።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው።

«አውቀዋለሁ፤ ከፍርድ ቤት ደጅ አይጠፋም» አሉ። «በል ግባና ብላ። አፍህን እህል ይያዝልኝ።»

ገባን። አያ ሐብቴ ተነሥተው አስቀመጡን፤ በእጃቸውም አጎረሱኝ። ወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ጓሮ ያልኩትን ለማንም አልተናገሩም። ያን ጉርሻ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

በማግስቱ ወደ ከተማ ስንወርድ መኪናው ሄዷል። ክንዱ ጥቅምት 13 ስንቁን በትከሻው አድርጎ በእግሩ ተነሣ። እኔና ፀጋው እስከ ደምበጫ ሸኘነው። መንገዱን ሙሉ ተሟገትኩት፤ አፍህን ብትይዝ ኖሮ አሁን አባይን ትሻገር ነበር፣ ሰዎቹ ደግሞ ዛሬም ባይሆን ነገ መጣላታቸው አይቀርም አልኩት። እሱ እሺ፣ እሺ ይለኛል። ስንለያይ ጫማውን ላለመጨረስ አውልቆ በእጁ አንጠልጥሎት ነበር።

አንድ ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ቦታው ተሰጥቷል። ዓመቱን አሸዋ ሲሸከም ከርሞ በሚቀጥለው ጥቅምት ማሠልጠኛው ገባ፤ ሠላሳ ዓመትም አስተማረ። አዲስ አበባ እንደደረሰ፣ በዚያው ኅዳር በጻፈልን የመጀመሪያ ደብዳቤ ስለ ወንበሩ አንዲት መስመር የለችም። እነ እሜቴ ጤፋቸውን አብረው አጨዱ ወይ ብሎ ብቻ ይጠይቃል።

እኔና ፀጋው ማጭድ ይዘን ገበዝ ማርያም ወጣን። በማሳው ወዲህኛው ጫፍ የወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ወገን፣ በወዲያኛው የአያ ሐብቴ ወገን ተሰልፏል። እሜቴ አዩኝና በጣታቸው መካከሉን አሳዩኝ። ወገቤ እስኪቆረጥ አጨድኩ። ለክንዱም፣ አዎ፣ አብረው አጨዱ ብዬ ጻፍኩለት። እኔም ማጭድ ይዤ እንደነበርኩ ግን ከደብዳቤው ሥር የጨመረለት ፀጋው ነው።