የኡም ዋጂህ ጣሪያ

ኡም ዋጂህ ያን ቀን አፏን ዘግታ ልትውል ለራሷ ቃል ገብታ ነበር ከቤት የወጣችው። ምን ታድርግ! ልጇ ዋጂህ ሊያገባ ነው፤ ቤቱን ከላይ፣ የወይራው እርከን ላይ ልሥራ ብሏል። እሷ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ «ጠፍጣፋው ጣሪያዬ ላይ ፎቅ ጨምራችሁ ሥሩ፣ የእኔ ቤት አለት ላይ ነው የቆመው» ስትል ከርማ፣ እጮኛው ጁማና በሰማች ቁጥር ፊቷ ይጠቁር ነበር። የትኛዋ ሙሽራ ናት ከአማቷ ጋር በአንድ በር መግባት የምትወድ? እውነቷን ነው።

ዋጂህ ያመጣው መሐንዲስ እርከኑ ላይ ጉድጓድ አስቆፍሮ አፈሩን በጣቶቹ አሸት አሸት አደረገ።

«በበጋ ሁሉም ተዳፋት ጨዋ ነው» ብሎ ሳቀ። «በረዶው ሲቀልጥስ እንዴት ይሆናል? እሱን የሚነግረኝ እዚህ የከረመ ሰው ነው።»

ዋጂህ ትምህርቱም ሥራውም ቤይሩት ነው፤ ወደ እናቱ ዞረ። ጁማናም ዞረች።

ወይ ጣጣ! የእርከኑ ካብ በረዶው በቀለጠ ቁጥር እንደ እርጉዝ ሆድ ይገፋል። ባሏ በሕይወት ሳለ አብረው ይክቡት ነበር፤ እሱ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን እያፈረሰች መልሳ ትክበዋለች። አሁን ብትናገር ተንኮል ነው ሊሏት ነው። ዝም ብትል ደግሞ ልጇ እዚህ ሊተኛ ነው።

«ይንሸራተታል» አለች። «ካቡን በየዓመቱ የምጠግነው እኔ ነኝ። ወይራዎቹንም እያቸው፣ ከሥራቸው ጎብጠው ነው ቀና ያሉት።»

«አይ እማዬ! ዛሬም ጣሪያሽ ላይ ልታወጪን ነው?» አለ ዋጂህ።

ጁማና ከንፈሯን ነከሰች።

ኡም ዋጂህ አንጀቷ አረረ። «ጣሪያዬ ገደል ይግባ! ዛህሌ ሥሩ፣ ቤይሩት ሥሩ፣ በዓመት አንዴ መጥታችሁ እዩኝ። ብቻ እዚህ አትሥሩ!» ልጇን ከደጇ ላለማጣት ዓመት ሙሉ የለመነች ሴት፣ በገዛ አፏ ሸኘችው።

መሐንዲሱ የወይራዎቹን ግንድ ዞሮ አየ፤ ካቡ ሥር ቁጢጥ ብሎ ቆየ። ሲመለስ «እውነታቸውን ነው፤ እዚህ ቤት አይሠራም» አለ።

ቁልቁል ሲወርዱ መንገዱ ጠጠር ስለሆነ ጁማና የኡም ዋጂህን ክንድ ያዘች። የአማቷ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ ቆም ብላ ጣሪያውን አየችው።

«እማማ፣ ደረጃው በውጭ በኩል ቢሆንስ?»

«በፈለግሽው በኩል ይሁን ልጄ! በራችሁ የራሳችሁ ነው። ካልጠራችሁኝ ዝር አልልም።»

«እሱንማ እናያለን» አለ ዋጂህ እየሳቀ።

ጁማና ገላመጠችው።

«እጠራዎታለሁ» አለች።