ቦርሳዋ የያዘችው ቦታ

«ስለ እኔ ምንም አላለችም?»

«ስንት ጊዜ ልንገርህ? ውሃ ስጪኝ አለች። መጋረጃውን ክፈቺልኝ አለች። ከዚያ ተኛች። በቃ።»

ታላቅ እህቱ የሻይ ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዛ ለቀስተኞቹ ወዳሉበት ሳሎን ወጣች። የአውቶቡስ ሹፌሩ ወንድሟ ጓዳ ውስጥ ብቻውን ቀረ።

እናቱ ከተቀበረች ወዲህ ያልጠየቀው ሰው የለም። ነርሷን ጠየቀ፤ አክስቱን ጠየቀ፤ ፓስተሩን ሳይቀር እስከ በር እየሸኘ ጠየቀ። ሁሉም ትከሻውን መታ መታ አድርገው «በሰላም ነው ያረፈችው፤ እግዚአብሔር ያጽናህ» ይሉታል። እሱ የሚጠይቀው ሌላ፣ እነሱ የሚመልሱት ሌላ። ፌርማታ የጠፋበትን ተሳፋሪ «አይዞህ» ብሎ እንደማለፍ ነው። በንዴት ሻዩን ሳይቀምሰው በእጁ አቀዘቀዘው።

ሚስቱ የታመመች ጊዜ ምእመኑ በሙሉ ጸልዮላት ነበር፤ እሱም ከሁሉ አብልጦ። አልዳነችም። ከቀብሯ በኋላ በመጣው እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ እናቱ እጁን ይዛ «የእሱ ፈቃድ ነው፣ ልጄ» አለችው። እጁን መንጭቆ ተነሳ።

«እንግዲያው እሱንም አልፈልገውም! አንቺም ከእንግዲህ እዚህ አትጠብቂኝ!»

ዘማሪዎቹ ሳይቀሩ ጸጥ አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየው ግን እሱን ሳይሆን እናቱን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ባይረግጥም ቤቷ መሄዱን አልተወም። አምፖል ይቀይርላታል፤ ስለ ኑሮ ውድነት ያወራሉ። ስለዚያ ቀን ግን አንዴም ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ብትሰድበው በወደደ። ይቅርታ ሊጠይቃት ስንቴ አፉን ከፍቶ «በይ እንግዲህ ልሂድ» ብሎ ወጥቷል። ዝምታዋን እንደ ቂም ቆጠረው። አሁን ማንን ይጠይቅ?

ከሳሎን ጮክ ያለ ድምፅ ሰማ። እትዬ ጉልበቴ መጥተው ነው። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ የጉልበታቸውን ሕመም ሳያነሱ ሰላምታ ስለማይጨርሱ ሰፈሩ ያወጣላቸው ይኸን ነው። ሹፌሩ ወጥቶ ወንበር አቀረበላቸው።

«ተመስገን፣ ዛሬስ ተቀመጥኩ! እናትህ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ስታስቆመኝ ነው የኖረችው።»

«እማዬ? የት?»

«ቤተ ክርስቲያን ነዋ! ያቺን ጥቁር ቦርሳ ከጎኗ ትጎልታታለች። ልቀመጥ ስል ‹ሰው አለው› ትለኛለች። ስብከቱ ያልቃል፣ የሚመጣ ሰው የለም! እኔ በዚህ ጉልበቴ ግድግዳ ተደግፌ... አንድ ቀን ቢብስብኝ ‹አንቺ፣ ቦርሳሽ ንስሐ ልትገባ ነው?› አልኳት።»

ጥግ ላይ ያለ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። እህትየው ፊቷ ተቀየረ።

«እትዬ፣ አሁን እንኳ ቢተዉት...»

«ተያቸው!» አለ ሹፌሩ። «ምን አለችዎት?»

«ምን ትላለች! ‹ልጄ ሥራ ላይ ነው፤ አውቶቡሱን አስረክቦ ይመጣል።› በየእሑዱ! አልጋ ላይ እስክትወድቅ ድረስ። ጥለህ መውጣትህን ያላየን ይመስል።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ አልነገረችኝም?» ድምፁ ሳያስበው ከፍ ብሎ ወጣ።

እትዬ ጉልበቴ ቀና ብለው አዩት። «አትጠብቂኝ ብለሃታላ። ስትጠብቅህ እንዳታውቅባት ነዋ።»

ሹፌሩ ብርጭቆውን አስቀምጦ ግድግዳው ላይ የተሰቀለችውን ጥቁር ቦርሳ ሲያይ ቆየ።

እሑድ ጠዋት ለቀስተኛ ሳይመጣ ቦርሳዋን ከምስማሩ አውርዶ ወጣ። ቤተ ክርስቲያን ሄዶ አግዳሚው ላይ የድሮ ቦታው ተቀመጠና ቦርሳዋን ከጎኑ፣ በእናቱ ቦታ አኖራት። ሲዘምሩ አልዘመረም። ሲጸልዩ ዓይኑን ጨፈነ። «ተናድጃለሁ» አለ በልቡ። «አሁንም ተናድጃለሁ።» ከዚያ የሚለው ጠፋው። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ «ይቅር በለኝ» አለ፤ ቀጥሎም «እሷንም ይቅር በይኝ በልልኝ።»

ዓይኑን ሲገልጥ እትዬ ጉልበቴ አግዳሚው ጫፍ ላይ ቆመዋል። ቦርሳዋን አይተው ወደ ግድግዳው ሊመለሱ ዞሩ።

ሹፌሩ «ሰው አለው» ለማለት ምንም አልቀረውም ነበር።

«ይቀመጡ፣ እትዬ» አለ፤ ቦርሳዋንም አንስቶ ጭኑ ላይ አደረገና በሁለት እጁ አቀፋት። እትዬ ጉልበቴ ስለ ጉልበታቸው አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ከጎኑ ተቀመጡ።