ውዴ ያልጨረሰችው ተራራ

«አትንካው! አልደረቀም!»

የአቶ ደምመላሽ ጩኸት ለቅሶ ቤቱን ጸጥ አሰኘው። የሟች ሚስቱ የውዴ ወንድም ፍቅረሥላሴ ከግድግዳው ሊያወርደው የነበረውን ሥዕል ለቀቀ።

«ፎቶዋ ይሰቀል ነው ያልኩት። ዛሬ ሠልስት ነው፤ የሮቤ ሰው ሁሉ ሊመጣ ነው። ይሄ ምኑም የማይታወቅ…»

«ባቱ ነው። የባቱ ተራራ።»

«ግማሹ ባዶ ነው እኮ!»

እውነቱን ነው፤ ባዶ ነው። ረቡዕ ዕለት ተራራውን ልትሥል ባልና ሚስት ሳነቴ አምባ ላይ ወጥተው ነበር። ውዴ ሰማዩንና የተራራውን ጫፍ እንደጨረሰች ጉም መጥቶ ሁሉን ሸፈነባት። ሲመለሱ መኪና ውስጥ፣ «ግድ የለም፣ በዚህ ብርድ ቀለሙ እስከ እሑድ አይደርቅም። እርጥቡ ላይ ካልጨረስኩት ግን አበቃ፤ ከደረቀ በኋላ የሚጨመር ቀለም ልጥፍ ይመስላል» አለችው። ሐሙስ ጠዋት ልቧ ቆመ። ዛሬ እሑድ ነው።

ውዴ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምራ ጡረታ ስትወጣ፣ ከስልኳ እያየች በዘይት ቀለም መሣል ጀመረች። ሰፈሩ ሳቀባት። ወንድሟ «በስተርጅና ልጅ ሆነሽ አታዋርጂን» አላት። ደምመላሽም ቢሆን የመጀመሪያ ተራራዋን አይቶ፣ «ሽሮ ፈሶብሽ ነው?» ብሏት ነበር። አልተቀየመችም። ክንዱን ይዛ እስከ በሩ ወሰደችውና «አሁን ዙር» አለችው። ዞረ። ያ ሁሉ ዝብርቅርቅ ቀለም የጠዋት ፀሐይ ያረፈበት ገደል ሆኖ ጠበቀው። በማግስቱ ብሩሽ ስጪኝ ብሎ ለመናት።

መማሩ ግን አልሆነለትም። ዕድሜውን በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የጨረሰ ሰው ነው፤ በብሩሹ ያሳረፈውን ቀለም ሁሉ እያሸ ያለሰልሰዋል። «እንደ መዝገብ አታስተካክለው እንጂ!» ትለው ነበር። «ድንጋዩን ተወው፤ ላዩ ላይ ያለውን ብርሃን ሣል!» በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ተራራ በወጉ አልወጣለትም።

አሁን ከፍራሹ ተነሣና የቀለም ሳጥኗን ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ፍቅረሥላሴ።

«ልጨርሰው።»

«በሠልስቷ? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ በሕይወቷም ብሏል፤ አሁንም ይበል! የውዴ ሥራ ጎዶሎውን አይደርቅም።»

«አንተ እኮ አትችልም!»

«አልችልም። ካበላሸሁትም እርጥብ እያለ ላበላሸው።»

ጎረቤቲቱ ዲንቄ ንፍሮ እያደለች ነበር። «ዲሲ! ይተዉት ጋሼ» አለችው ፍቅረሥላሴን፣ ኦሮምኛ ቀላቅላ። «ሌላው ደረት ይመታል፤ የእሳቸው ለቅሶ ይሄ ነው።»

ደምመላሽ ወይን ጠጁን ቀለም ከሰማያዊው ጋር ደባለቀ። ብሩሹ አልታዘዝ ሲለው ወርውሮት በጣቶቹ ገባበት። ተራራው ወገቡ ላይ ትንሽ ተንጋደደ፤ ግን ቆመ። ሲጨርስ አለቀሰ። ከሐሙስ ወዲህ ገና ማልቀሱ ነበር።

«ውሃ ላምጣ፣ ይታጠቡ» አለችው ዲንቄ።

«አልታጠብም።»

ወጥቶ ድንኳኑ በር ላይ ከፍቅረሥላሴ ጎን ቆመ። ለቀስተኛው በተራ እየመጣ፣ መጀመሪያ ባልየውን፣ ቀጥሎ ወንድምየውን ይጨብጣል። ደምመላሽ ወይን ጠጅ ቀለም የነካውን እጁን ለሁሉም ሰጠ። «እግዜር ያጥናህ» ሲሉት ቀና ብሎ «አሜን» ይላል። መዳፉን አይቶ የደነገጠም፣ በጋቢው የጠረገም ነበር።

ሰልፉ ሲያልቅ ፍቅረሥላሴ እጁን ገልብጦ አየ። ቀለሙ ከለቀስተኛው እጅ ወደ እሱ ተሻግሯል። መሐረቡን አወጣ። መዳፉን ሲያይ ቆየና፣ መሐረቡን መልሶ ኪሱ ከተተው።