መሳቢያው ውስጥ ያለችው ኩሽኔታ

መካኒኩ መሳቢያው ውስጥ አንዲት ያለቀች ኩሽኔታ አለችው። «ይኸውልህ፣ ከመኪናህ ያወጣሁት ይሄ ነው። ትንሽ ብትቆይ ጎማህ ወልቆ ጉድ ሆነህ ነበር!» እያለ ለስንቱ አሳይቷታል። ባለመኪናው ግራሶ የተቀባ ብረት አይቶ ምን ያውቃል? መርቆት ይሄዳል። በማግስቱ ያቺው ኩሽኔታ ከሌላ መኪና ትወጣለች። ምን ታደርገዋለህ፣ የሚከፈለው በቀየረው ዕቃ ልክ ነው።

ዛሬ ግን ሐኪም ቤት ይዞ የመጣው ሚስቱን ነው። ጎኗን ወግቷት ሦስት ቀን አቃስታለች። ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን ፎቶ አሳየው፤ ለመካኒኩ ጭጋግ ነው። «የሐሞት ጠጠር ነው፤ ዛሬውኑ በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት» አለው። እሺ ከማለት ሌላ ምን አለ? ባለፈው ወር እናቱንም ይኸው ሐኪም ኦፕራሲዮን አድርጓቸው፣ የወጣውን ሦስት ጠጠር በብልቃጥ አሳይቶት ነበር። አንደኛዋ ጫፏ ተሸርፏል።

ከኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ ሳለ ሐኪሙ ወጣና አጠገቡ ለተቀመጠ አንድ ልብስ ሰፊ ብልቃጥ ዘረጋለት።

«ይኸውልህ፣ ከእህትህ ያወጣሁት ይሄ ነው።»

«ተመስገን! እጅዎ ይባረክ ዶክተር!»

መካኒኩ ክው አለ። ሦስት ጠጠር። አንደኛዋ ጫፏ የተሸረፈ። ዕድሜውን ብሎን ሲለይ የኖረ ዓይን ይቺን ይስታል? እና የእናቱ ሆድ የተቀደደው ለምን ነበር? ኧረ የፈጣሪ ያለህ!

ወዲያው ሚስቱ በተሽከርካሪ አልጋ እየተገፋች መጣች። ዘሎ የአልጋውን ብረት ጨምድዶ ያዘ።

«ቁሙ! አትገባም!»

ሐኪሙ አልተቆጣም። ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «እኔ ምን ቸገረኝ ወንድሜ? ለራሷ ብዬ ነው። ሐሞቷ ከፈነዳ ግን በኋላ አልነገርከኝም እንዳትል።»

ወይ ጉድ! ቃል በቃል እሱ ራሱ ለባለመኪኖቹ የሚለው ነው። «ውሸታም!» ሊለው አፉን ከፈተ፣ ግን አንድ ባለታክሲ ትዝ አለው። የኩሽኔታዋን ነገር ነቅቶበት፣ «ሌባ!» ብሎት መኪናውን አስነስቶ ሄዷል። የዚያ ሰውዬ መኪና ኩሽኔታ ግን የምር አልቆ ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ገደል ገባ።

«ምነው አንተ? ልግባ ወይስ ልመለስ?» አለችው ሚስቱ፣ ላብ አጥምቋት።

ብረቱን እንደያዘ ነው። አይገፋም፣ አይስብም።