ኮሽታ የሌለበት ቅጂ

ኦምዱርማን ውስጥ ያገለገለ የሙዚቃ ኪቦርድ የሚሸጥ ሁሉ ለገዢ የሚያሳይበት ቪዲዮ ይለቃል፤ የእኔን ያህል ድምፁ የጠራ ግን አልነበረም። ድሮ ይህን ስል አላፍርም ነበር።

የሚጫወትልኝ የእናቴ ወንድም ሲዲግ ነበር። ሠላሳ ዓመት በየሠርጉ ከዘፋኝ ኋላ ተቀምጦ ተጫውቷል። እጁ ወርቅ፤ ችግሩ ጉሮሮው ነበር። ሲጫወት ያንጎራጉራል፤ የመቅረጫው ማይክሮፎን ደግሞ እሱንም፣ የጣሪያውን ማራገቢያም፣ የመንገዱን ጡሩምባም አንድ ላይ ይለቅማል።

«አጎቴ፣ እኔ የምሸጠው ኪቦርድ ነው፤ ያንተን ጉሮሮ ማን ይገዛዋል?» አልኩት።

«አንተ ድንጋይ ራስ፣ እጄ እኮ የሚሄደው ጉሮሮዬን ተከትሎ ነው!»

እውነቱን ነበር፤ ዝም ብሎ ሲሞክር ጣቶቹ ይሳሳታሉ። ስለዚህ ገመድ ገዝቼ አንዱን ጫፍ ኪቦርዱ ላይ፣ ሌላውን መቅረጫው ላይ ሰካሁ። ገመዱ ከገባ መቅረጫው የክፍሉን ድምፅ አይሰማም፤ ከኪቦርዱ የሚመጣውን ብቻ ይይዛል።

«በል አሁን እንደ ልብህ አንጎራጉር» አልኩት።

«በቁሜ ቀበርከኝ በለኛ!» ብሎ ሳቀ።

ከስልሳ በላይ ቪዲዮ ሠራን፤ የሚታየው እጁ ብቻ ነው። ደንበኞች «አንድ ኮሽታ የለውም!» እያሉ ሲጽፉልኝ ደረቴን እነፋ ነበር።

ከረመዳን በኋላ አንድ ጠዋት የአጎቴ ልብ ቀጥ አለ።

ሚስቱ በቱል ነጭ ለብሳ አራት ወር ከዐሥር ቀን ከቤት ሳትወጣ ሐዘን ተቀመጠች። በወጣች ዕለት መጀመሪያ የመጣችው እኔ ሱቅ ነው።

«ልጄ፣ ድምፁ ሊጠፋብኝ ነው» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። «ጠዋት ስነቃ ላስታውሰው እሞክራለሁ፤ እየራቀኝ ነው። ሠርግ ላይ የተቀዳው ሁሉ የዘፋኞቹ ነው። የእሱ አንተ ጋ አለ አይደል? ሲያንጎራጉር አሰማኝ።»

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ጣቱ ላይ የጋብቻ ቀለበቱን ስታይ ፈገግ አለች። ከዚያ ጠበቀች። አንዱ ቪዲዮ አለቀ፣ ሌላው ቀጠለ።

«ድምፁን ጨምረው እንጂ።»

«መጨረሻው ነው፣ አክስቴ።»

«ታዲያ እሱ የታለ?»

ስለ ገመዱ ነገርኳት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚሉት እኔን ነው።

«በል እንደገና ክፈተው» አለች።

ዓይኗን ጨፍና ራሷ ታንጎራጉር ጀመር፤ በእሱ አካሄድ፣ እሱ በሚተነፍስበት ቦታ እየተነፈሰች። ሠላሳ ዓመት ስትሰማው ኖራለች። ይህ እንኳ አይጥፋ ብዬ ሳታየኝ መቅረጫውን ተጫንኩት፤ ቀዩ መብራት በራ።

ስትጨርስ መጎናጸፊያዋን ሰብስባ ተነሣች። «ይኸው፣ አንጎራጎርኩለት። ከእንግዲህ አቅሙ የለኝም፤ ድገሚው እንዳትለኝ።»

ከሄደች በኋላ ከፍቼ አዳመጥኩት። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ጭጭ ነው። ገመዱን አልነቀልኩትም፤ ሌላው ጫፉ ባልተከፈተው ኪቦርድ ላይ እንደተሰካ ነበር።

አንድ ኮሽታ የለውም።